በጥቂት ንዋይ የቤት ሰርቨር ስለ ማቆም

በየዘመዱ ስልክ ተበታትኖ የሚኖረውን የሠርግና የክርስትና ፎቶግራፍ፣ የልጆቹን የትምህርት ማስረጃ፣ የቤቱን ካርታ ቅጂ፣ ከአረጋውያን አንደበት የተቀዳውን የዘር ቆጠራ በአንድ ጽኑዕ ስፍራ ሰብስቦ ለማኖር፣ ቤተ ሰቡም በፈለገው ጊዜ ሁሉ እንዲያገኘው ለማድረግ የሚሹ ሰዎች እየበዙ ስለ ሄዱ፣ «ከየት ልጀምር? ምንስ ልግዛ?» እያሉ ዘወትር የሚጠይቁኝም ስላሉ፣ መልሱን አንድ ጊዜ በሥርዐት መጻፍ ይሻላል ብዬ ይህን መመሪያ አዘጋጀሁ።

ሰርቨር የሚለው ቃል ለጀማሪ ሰው ከባድ ሆኖ ይሰማል፤ ምሥጢሩ ሲገለጥ ግን፣ ሌት ተቀን ሳይጠፋ ቆሞ በቤቱ ያሉት ስልኮች፣ ቴሌቪዥኖችና ላፕቶፖች በጠየቁት ጊዜ በአደራ የተሰጠውን የሚያቀብል ተራ ኮምፒውተር ነው። የደብር ዕቃ ቤት ጠባቂ የሚመረጠው በሩጫው ሳይሆን የተረከበውን ንዋየ ቅድሳት ሳያጐድል በማስረከቡ እንደ ሆነ ሁሉ፣ የቤት ሰርቨርም የሚመዘነው በፍጥነቱ ሳይሆን በታማኝነቱ ነው። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም፤ አቅሙ ውሱን የሆነ ሰው ያለውን ገንዘብ ሁሉ ለማሽኑ ጕልበት አውጥቶ፣ ለዲስኩ ቅጂና ለመብራቱ ጥበቃ ምንም ሳይተርፈው ሲቀር ደጋግሜ አይቻለሁ። ስለዚህ ያለዎትን ገንዘብ በሦስት ከፍለው አንዱን እጅ ብቻ ለማሽኑ፣ የቀረውን ሁለት እጅ ለዲስኮቹና ለመብራት መጠበቂያው እንዲያውሉት አሳስብዎታለሁ።

1ኛ፦ ሥራውን አስቀድሞ መወሰን

ወደ ገበያ ከመውጣትዎ በፊት ወረቀት ይዘው ይቀመጡና ሰርቨሩ የሚሠራልዎትን ሥራ ከሁለት ሳያስበልጡ ይጻፉ። ለአንዱ ቤት ትልቁ ነገር የሁሉንም ስልክ ፎቶግራፍ መሰብሰብ ነው፤ ለሌላው መዝሙሩንና ፊልሙን በቴሌቪዥን ማየት ነው፤ ተማሪዎች ላሉበት ቤት ደግሞ ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራም ውክፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ሊሆን ይችላል። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት ገደማ ስለሚይዝ፣ ፈጣን መሥመር ካለበት ቦታ አንድ ጊዜ በዲስክ ካመጡት በኋላ ልጆቹ ለካርድ ሳይከፍሉ ያነቡታል።

ከዚያም የያንዳንዱን ስልክ ስቶሬጅ ከፍተው ፎቶግራፉና ቪዲዮው የያዘውን መጠን ይደምሩ። አራት ስልኮች እያንዳንዳቸው 60 ጊጋባይት ቢይዙ ድምሩ 240 ይሆናል፤ ለሚመጡት ዓመታት እጥፉን ቢያስቡ 480 ነው፤ እንግዲህ የ1 ቴራባይት ዲስክ ይበቃዎታል ማለት ነው። ይህን ስሌት ሳያደርግ ገበያ የወጣ ሰው፣ ሻጩ ያወጣለትን ይዞ ይመለሳል።

2ኛ፦ ማሽኑን መምረጥ

ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ከማይክሮሶፍት የሚያገኘው መደበኛ ድጋፍ ስላበቃ፣ ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ8ኛው ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጥቅሉ ስለማይቀበል፣ የ6ኛውና የ7ኛው ትውልድ የቢሮ ኮምፒውተሮች ዋጋቸው ወርዷል። ይህ ለዊንዶውስ ተጠቃሚ ጉዳት ቢሆንም ለእኛ በረከት ነው፤ ሊኑክስ በእነዚህ ማሽኖች ላይ ያለ አንዳች ችግር ይሠራልና።

ከእነርሱም መካከል እኔ ዘወትር የምመክረው፣ መጠኑ ከአንድ ትልቅ መጽሐፍ ቅዱስ የማይበልጠውን ሚኒ የሚባለውን ዐይነት ነው፤ ይኸውም የዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ፣ የኤችፒ ኤሊትዴስክ ሚኒ፣ ወይም የሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ ነው። ኮር አይ 5 ፕሮሰሰርና 8 ጊጋባይት ራም ያለው ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው። የእነዚህ ማሽኖች ትልቁ ጸጋ የሚበሉት መብራት ማነሱ ነው። ሥራ ፈቶ ሲቆም 12 ዋት የሚስብ ማሽን ሌት ተቀን ቢበራ በ30 ቀን የሚቈጥረው 8.64 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ 80 ዋት የሚስብ አሮጌ ትልቅ ኮምፒውተር ግን በዚያው ወር 57.6 ይቈጥራል። ርካሽ መስሎ የተገዛው ትልቁ ማሽን በየወሩ የመብራት ሒሳብ ሲያስከፍል ይኖራል።

ገንዘቡ ለዚህም የማይበቃ ከሆነ ቤት ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ላፕቶፕ ያገለግላል፤ እንዲያውም ባትሪው ደኅና ከሆነ መብራት ሲሄድ ራሱን ችሎ ይቆያል። ነገር ግን ላፕቶፑን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡትና የሚወዛወዝ፣ ወይም የመዳሰሻው ሰሌዳ ወደ ላይ የተነሣ መሆኑን ይመርምሩ፤ ይህ ባትሪው ለማበጡ ምልክት ነው። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፣ ሳይወጉና ሳይጫኑ በባለሙያ ማስወጣት እንጂ «እስኪ ትንሽ ይቆይ» ማለት አይገባም። ራስበሪ ፓይ የሚባለውን ትንሽ ቦርድ የሚመርጡም አሉ፤ ሆኖም ቻርጀሩ፣ ሣጥኑና ዲስኩ ሲደመሩ ካገለገለ ሚኒ ኮምፒውተር የማይተናነስ ዋጋ ስለሚወጣው ለመጀመሪያ አልመክረውም።

ሱቅ ሲገቡ ባዶ እጅዎን አይግቡ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ሳይጫን በሚሠራው ዐይነቱ በፍላሽ ይያዙ። አንድ ቀን ከአንድ ወዳጄ ጋር ማሽን ልንገዛ ገብተን፣ ባለ ሱቁ ወጣት «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ከቢሮ የወጣ ነው፤ እንደ አዲስ ነው» አለኝ። «እሺ ወንድሜ፣ እስኪ አብራልኝና ይህን ፍላሽ ልሰካበት» አልሁት። ሲከፈት ዲስኩ የሠራበት ሰዓት ከ40,000 በላይ ሆኖ፣ ተበላሽተው የተተኩት ክፍሎች ባሉበት ረድፍ ላይም ቢጫ ምልክት በርቶ አገኘነው። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ነውና ያ ዲስክ ከአራት ዓመት ተኩል በላይ ሳያርፍ ሠርቷል ማለት ነው። ወጣቱ ቅር ሳይለው ዲስኩን አውጥቶ ዋጋውን ቀነሰልን፤ እኛም ማሽኑን ብቻ ወሰድን። ቻርጀሩ የራሱ የፋብሪካው መሆኑን፣ ማራገቢያው አለመንኳኳቱን፣ ባዮሱ፣ ማለትም ማሽኑ ሲነሣ የሚቀድመው መሠረታዊ ቅንብር፣ በማይታወቅ ፓስወርድ አለመቈለፉን እዚያው ቆመው ያረጋግጡ፤ በተለይ የተቈለፈ ባዮስ ቤት ከደረሱ በኋላ የማይፈታ ራስ ምታት ነው።

3ኛ፦ ዲስኮቹ

ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የ128 ወይም የ256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ይበቃል፤ ለአደራው ዕቃ ደግሞ በስሌቱ ያገኙትን መጠን የሚይዙ ሁለት ዲስኮች፣ እደግመዋለሁ ሁለት፣ ያስፈልጋሉ። አንዱ በሰርቨሩ ውስጥ ይኖራል፤ ሁለተኛው በዩኤስቢ የሚሰካ ሆኖ ቅጂ ከተወሰደበት በኋላ ተነቅሎ ይቀመጣል። አንድ ትልቅ ዲስክ ከመግዛት ሁለት መካከለኛ መግዛት ይሻላል። አሮጌ ዲስክ ለፊልም ይሁን፤ ለፎቶግራፍና ለሰነድ ግን አዲስ ይግዙ።

ዋጋው ከሌላው ሱቅ እጅግ የረከሰ ኤስኤስዲ ወይም ፍላሽ ካዩ ይጠርጥሩ። ላዩ ላይ 2 ቴራባይት ተጽፎበት፣ ኮምፒውተሩም 2 ቴራባይት ነው ብሎ ቢያሳይ፣ ውስጡ ያለው ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ የሆነ ሐሰተኛ ዕቃ በየገበያው ይገኛል፤ ከልኩ በላይ ሲጻፍበት ምንም ሳይናገር የቀደመውን እያጠፋ ይቀጥላል። ኤች 2 ቴስት ደብልዩ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን እስከ ጫፉ ጽፎበት መልሶ በማንበብ ሐሰቱን ይገልጣል። ጊዜ ይወስዳል፤ ቢሆንም አደራ ከማኖርዎ በፊት አንድ ሌሊት መጠበቅ ምንም አይደለም።

4ኛ፦ መብራቱን መጠበቅ

በዚህ ክፍል ላይ ጥቂት ብዘገይ ይቅር ይበሉኝ፤ ጉዳቱ በራሴ ደርሷልና። ከዓመታት በፊት አንድ ምሽት መብራት ሄዶ መጣ፣ ወዲያው ሄደ፣ እንደገናም መጣ። በሦስተኛው ጊዜ ሰርቨሩ ሲነሣ ከዲስኩ ውስጥ ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ የሚል፣ ጥፍር ጠረጴዛ እንደሚመታ ያለ ደረቅ ድምፅ መሰማት ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ ያ ዲስክ አልተከፈተም። በውስጡ እናቴ ከማረፏ በፊት የዘራችንን ሐረግ እስከ ሰባት ቤት ስትቈጥር የቀዳሁት ድምፅ ነበረ። ደሴ የምትኖረው እኅቴ ቀድሞ በፍላሽ ወስዳው ባይሆን ኖሮ ያ ድምፅ ከዚህ ዓለም ጠፍቶ ነበር። ያን ጊዜ መብራት መጠበቂያ ያልገዛሁት ገንዘብ አጥቼ ሳይሆን፣ ያለኝን በፈጣን ፕሮሰሰር ላይ አውጥቼው ነው።

እንግዲህ ዩፒኤስ የሚባለውን መብራት መጠበቂያ፣ 650 ቪኤ የሆነውን ይግዙ። ሚኒ ኮምፒውተሩና ራውተሩ ተደምረው ከ25 ዋት ብዙም ስለማይበልጡ፣ ደኅና ባትሪ ያለው እንዲህ ያለ ዩፒኤስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ያቆያቸዋል። ራውተሩንም በእርሱ ላይ መሰካት አይርሱ፤ ፍሪጅ፣ ምጣድ፣ ካውያና ፕሪንተር ግን በጭራሽ አይሰኩበት። የአካባቢዎ መብራት ኀይሉ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ከዩፒኤሱ በፊት ስታብላይዘር ያስገቡ። ዩፒኤሱ የዩኤስቢ መሥመር ካለው ከሰርቨሩ ጋር አገናኝተው ነት የሚባለውን የሊኑክስ ፕሮግራም ይጫኑ፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩን በሥርዐት ይዘጋዋል። ዲስክን የሚጐዳው በሥራ ላይ ሳለ ድንገት መቋረጡ ነውና የዩፒኤስ ዋና ጥቅም ሰዓት ማራዘም ሳይሆን በሰላም እንዲዘጋ ጊዜ መስጠቱ ነው።

በመቀጠል ወደ ባዮሱ ገብተው፣ መብራት ሲመለስ ማሽኑ ምን ያድርግ የሚለውን ምርጫ ይፈልጉ፤ በዴል ኤሲ ሪከቨሪ፣ በሌሎቹ አፍተር ፓወር ሎስ ተብሎ ይገኛል። እርሱን ፓወር ኦን ላይ ያድርጉት። ይህ ካልተደረገ፣ እርስዎ ክፍለ ሀገር ሳሉ መብራት ጠፍቶ ቢመለስ፣ አንድ ሰው ሄዶ ማብሪያውን እስኪጫን ድረስ ሰርቨሩ ጠፍቶ ይቆያል።

5ኛ፦ ሊኑክሱን መጫን

ከብዙዎቹ የሊኑክስ ዐይነቶች ዴቢያንን እመርጣለሁ፤ ጽኑዕ ነው፤ ኔት ኢንስት የተባለው መጫኛውም ከ1 ጊጋባይት በታች ስለ ሆነ ለኢንተርኔት ወጪ አይከብድም። መጫኛውን ካወረዱ በኋላ ሩፉስ ወይም ኤቸር በሚባለው ፕሮግራም ወደ ፍላሽ ይጻፉት፤ እንደ ተራ ፋይል መገልበጥ ብቻውን አይሠራም፤ ፍላሹም ውስጥ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ይወቁ። በሚጫንበት ጊዜ ለአንድ ቀን ብቻ ስክሪንና ኪቦርድ ከጎረቤትም ቢሆን ይዋሱ።

ጀማሪ የሚሳሳትባቸው ሁለት ስፍራዎች አሉ። የሩት ፓስወርድ ሲጠየቁ ባዶውን ቢያልፉት፣ ቀጥሎ የሚፈጥሩት የራስዎ መጠቀሚያ ስም በሱዱ የማዘዝ ሥልጣን ያገኛል፤ ለጀማሪ ይህ ይሻላል። ወደ መጨረሻ የሚጫኑት ፕሮግራሞች ዝርዝር ሲመጣ ደግሞ፣ በስፔስ ቁልፍ ዴስክቶፕ ከሚሉት ላይ ኮከቡን አንሥተው ኤስኤስኤች ሰርቨር በሚለው ላይ ያኑሩት። ኤስኤስኤች ማለት ከራስዎ ላፕቶፕ ሆነው ሰርቨሩን በጽሑፍ የሚያዙበት መንገድ ነው። ሲጨርሱ ስክሪኑንና ኪቦርዱን ለባለቤቱ ይመልሱ፤ ከእንግዲህ አያስፈልጉዎትም። ላፕቶፕ ከሆነ ግን ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ፣ ሃንድል ሊድ ስዊች የሚለውን መሥመር በሎጊንድ ፋይል ውስጥ ኢግኖር ያድርጉት።

6ኛ፦ ኬብሉና አድራሻው

ሰርቨሩን በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል ከራውተሩ ጋር ያገናኙት። ጊጋቢት መሥመር በሴኮንድ 110 ሜጋባይት ገደማ ያሳልፋል፤ 100 ሜጋቢት ብቻ የሚችል አሮጌ ራውተር ግን ከ11 ብዙም አይዘልም፤ እንግዲህ 100 ጊጋባይት ፎቶግራፍ በመጀመሪያው በሩብ ሰዓት፣ በሁለተኛው በሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ያልፋል ማለት ነው። ጊጋቢት ራውተር ኖሮ ፍጥነቱ ካነሰ ኬብሉን ይመርምሩ፤ በውስጡ ካሉት ስምንት ገመዶች አንዱ ብቻ ቢበጠስ መሥመሩ ወደ 100 ሊወርድ ይችላል።

ራውተሩ ለሰርቨሩ የሚሰጠው አድራሻ በየጊዜው እንዳይለወጥ፣ ወደ ራውተሩ ገጽ ገብተው በዲኤችሲፒ ክፍል አንድ ቋሚ አድራሻ ለሰርቨሩ ያስይዙለት፤ ለምሳሌ 192.168.1.50። ይህ ካልተደረገ ከሳምንታት በኋላ «ሰርቨሩ ተበላሸ» የሚል ጩኸት ይሰማሉ፤ ሰርቨሩ ግን ደኅና ነው፤ አድራሻው ተቀይሮ ነው።

7ኛ፦ አገልግሎቱን ማስገባት

በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ከጻፏቸው ሁለት ሥራዎች በአንዱ ይጀምሩ። ፋይል ለመጋራት ሳምባ፣ ለፊልምና ለመዝሙር ጄሊፊን፣ ለስልክ ፎቶግራፍ ኢሚች የታወቁና ነፃ ናቸው። ጄሊፊን ከሰርቨሩ አድራሻ ቀጥሎ 8096፣ ኢሚች 2283 በሚለው ቍጥር ይከፈታሉ። ኢሚች ዶከር በሚባለው ዘዴ ስለሚጫንና ራምም ስለሚፈልግ 8 ጊጋባይት ለእርሱ ያስፈልጋል። አንዱን ካስገቡ በኋላ ሁለት ሳምንት ይጠቀሙበት፤ ቤተ ሰቡ ይልመደው፤ ሁለተኛውን ከዚያ ያስገቡ። በአንድ ምሽት አምስት አገልግሎት የጫነ ሰው አንዱ ሲታመም የትኛው የትኛውን እንዳሳመመው ለይቶ ማወቅ አይችልም።

8ኛ፦ በሩን መዝጋት

ብዙዎች «ከውጭ ሆኜም ልየው» ብለው በራውተራቸው ላይ በር ይከፍታሉ። ይህን አያድርጉ። በኢንተርኔት ላይ ክፍት በር የሚፈልጉ ፕሮግራሞች ቀንና ሌሊት አያርፉም፤ የተከፈተውን በር ሊያገኙት የሚፈጅባቸው ጊዜ አጭር ነው። ከውጭ መግባት የግድ ከሆነ ቴይልስኬል ወይም ዋየርጋርድ ይጠቀሙ፤ ቴይልስኬል በራውተሩ ላይ ምንም በር ሳይከፈት፣ የእርስዎን ስልክና ሰርቨር ብቻ በተመሰጠረ መንገድ ያገናኛል። በዋሽንግተንም ሆነ በዱባይ ያለ ወንድምዎ የቤቱን ፎቶግራፍ እንዲያይ ቢፈልጉም መንገዱ ይኸው ነው።

የኤስኤስኤች መግቢያውን በፓስወርድ ሳይሆን በቁልፍ ፋይል ያድርጉት፤ የጸጥታ ማሻሻያዎችም አንአተንድድ አፕግሬድስ በሚባለው በራሳቸው እንዲገቡ ይፍቀዱ።

9ኛ፦ ቅጂውን ወስዶ መልሶ ማውጣት

እስካሁን የተሠራው ሁሉ ለዚህ ደረጃ ዝግጅት ነበረ። ሁለት ዲስክ አንድ ላይ ተጣምረው አንዱ የሌላውን መልክ የሚይዙበት ሬይድ የሚባለው ሥራ ቅጂ አይደለም፤ ልጅ በስሕተት አንድ ፎልደር ቢያጠፋ ከሁለቱም በአንድ ቅጽበት ይጠፋልና። ቅጂ ማለት ተነቅሎ፣ ከሰርቨሩ ርቆ የሚቀመጥ ነው። ሬስቲክ የሚባለው ፕሮግራም አዲስ የመጣውን ብቻ እየጨመረ፣ ሁሉንም በምስጢር ቁልፍ ዘግቶ ወደ ዩኤስቢው ዲስክ ይጽፋል፤ ዲስኩ ቢሰረቅ እንኳ ሌባው ሊያነበው አይችልም።

እኔ ቀኑን እንዳልረሳ በየወሩ በ12፣ በሚካኤል አድርጌዋለሁ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ዲስኩን ሰክቼ ቅጂውን አስጀምራለሁ፤ ቡናው እስኪፈላ ብዙውን ጊዜ ያልቃል። ከዚያም ዲስኩን ነቅዬ፣ ቀኑን በላዩ ጽፌ፣ ሌላ ሰፈር ለሚኖር ወንድሜ እሰጠዋለሁ፤ የእርሱን ደግሞ እኔ አስቀምጥለታለሁ። እሳትና ሌባ ሁለት ቤት ባንድ ሌሊት አይገቡም ብለን ነው የተማማልነው።

ነገር ግን ቅጂ ወስጃለሁ ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አንድ ፎልደር ከዩኤስቢው ዲስክ ላይ ወደ ሌላ ኮምፒውተር አውጥተው፣ ፎቶግራፉን በዓይንዎ አይተው፣ ድምፁን በጆሮዎ ሰምተው ካልሆነ በቀር፣ ከስልኮቹ ላይ አንዲት ፎቶግራፍ እንኳ አያጥፉ። ይህን ሙከራ በየሦስት ወሩ ይድገሙት። ባለፈው ጊዜ የሠራችው የ14 ዓመት ልጄ ናት፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እጄን ሳላስገባ፣ የሴት አያቷን ድምፅ ፈልጋ አወጣችው፤ ሦስተኛው ቤት ላይ ደርሳ ስታስል እንኳ ይሰማል።

የሰርቨሩን ፓስወርድ፣ የሬስቲኩን ቁልፍ፣ የዲስኩን መገኛ በእጅዎ በወረቀት ጽፈው በፖስታ ያሽጉና ከቤቱ ካርታ ጋር ያስቀምጡ፤ የሬስቲክ ቁልፍ ከጠፋ ቅጂውን ማንም፣ እርስዎም ጭምር፣ ሊከፍተው አይችልምና። ፖስታው የት እንዳለ ከእርስዎ ሌላ አንድ ሰው ይወቅ። ፓስወርድ በለወጡ ቀንም ያንኑ ዕለት ወረቀቱን ይለውጡት።